ለእንግዳ የማይቀርበው ሥጋ

እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ተመልሳ ወደ ኦቭኑ። ጎንበስ ትልና በሩን ትከፍታለች፤ ሙቀቱ ፊቷን ሲገርፋት ትዘጋለች። ገና ከመዝጋቷ የሆነ ነገር ያመለጣት ይመስላትና መልሳ ትከፍታለች። ክሊኒኩ ውስጥ ነርሶቹ «ጥድፊያ» የሚል ቅጽል ያወጡላት በከንቱ አልነበረም። መርፌ ወግታ የታካሚው ከንፈር እስኪደነዝዝ እንኳ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማትችል የጥርስ ሐኪም ናት። «ደነዘዘ? አሁንስ? አሁን?» እያለች ሰውን ከሕመሙ ይልቅ በጥያቄ ታደክመዋለች።

ኦቭኑ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ለጥያቄ የሚመልስ አልሆነም።

ሥጋው የመጣላት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ያመጣላትም ልቧን ከወሰደባት ቀን ጀምሮ አሳርፏት የማያውቀው ሥጋ ሻጭ ነው። ሱቁን በደንበኛ እንደተሞላ ጥሎ ስለመጣ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ፣ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለውን ሥጋ እንደ ሕፃን አቅፎ በሯ ላይ ቆመ።

«እማዬ ናት የላከችልሽ» አላት። «ነገ ምሳ የምንበላው ይሄን ነው ብላለች።»

ወረቀቱን ገለጥ ስታደርገው ፊቷ ቅጭም አለ። ጮማ የሚባል ነገር በደጁ ያላለፈ፣ ቀይ፣ ደረቅ ያለ የታፋ ሥጋ ነው። ወገቡን በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እሱን ለማየት ብላ ሱቁ ውስጥ በቆመችባቸው ጊዜያት ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሥጋ መስቀያው ጥግ ላይ አይታዋለች። ዋጋው ከሁሉ ያንሳል፤ ሆኖም ሰው ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

«እንዴት ነው የሚበስለው?» አለች፣ ድምጿ እንዳያሳጣት እየተጠነቀቀች።

«መጥበሻው በደንብ ይጋል። ዙሪያውን ቡናማ እስኪሆን ታገላብጪዋለሽ። ከዚያ ኦቭን ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት። ጮማ ስለሌለው እሳት ከበዛበት ይደርቃል። መሀሉ ገና ቀይ ሳለ ታወጪውና ሸፍነሽ ትተዪዋለሽ። ዋናው መተው ነው። አትነካኪው።» ዓይኗን አየና ሳቀ። «ለሌላ ሰው ብነግረው ቀላል ነበር።»

ግንባሯን ሳም አድርጎ ወረደ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። አፉ ሊናገር ተከፈተ፣ መልሶ ተዘጋ። ያ ያልተባለ ነገር ነው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ የቀረው።

የተዋወቁት በእናቱ መንጋጋ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት እናቱ ጉንጫቸው አብጦ ክሊኒኩ ሲመጡ፣ እሱ የእናቱን የእጅ ቦርሳ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰው ያየኛል ሳይል፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሐኪሟ የእናትየውን ጥርስ ስትነቅል በጨረፍታ አየችው። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ሲያምራትም ሳያምራትም መንገዷ በሱቁ በኩል ሆነ።

ዳኛው አባቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ «ያስተማርኩሽ ሥጋ ቤት ፎቅ ላይ እንድትኖሪ አይደለም። የነዚያ ሰዎች ስም በዚህ ቤት እንዳይነሳ» አሏት። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያን ደጅ አልረገጠችም። አሁን የቀራት የእሱ እናት መልስ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን «ቤቷን ሳላይ፣ ማዕዷን ሳልቀርብ አንድ ቃል አልናገርም» ብለውታል። እናትና ልጅ ሱቁን አብረው ይሠራሉ፤ ከሱቁ በላይ ባለው ቤት አብረው ይኖራሉ። እሳቸው አይሆንም ካሉ እሱ እንደማይቃወማቸው ሐኪሟ አሳምራ ታውቃለች። ከዚህ ምሳ ወዲያ ወይ የእሱ ናት፣ ወይ የማንም አይደለችም።

ትናንት ማታ ጭንቀቱ ሲጠናባት ታላቅ እህቷ ጋ ደወለች።

«እታለም፣ ምን ለማለት የላኩት ይመስልሻል?»

«ምን ለማለት ይሆናል! ፈተና ነዋ፣ የኔ ሞኝ። ሰው የማይገዛውን መርጣ ላከችልሽ። የጫማ ሶል ሆኖ ይወጣና፣ ‹የዚች እጅ ለጉጠት እንጂ ለድስት አይሆንም› ብላ ልጇን ይዛ ውልቅ ትላለች።»

«እሳቸው እንዲህ ዓይነት ሰው አይደሉም።»

«ጥርሷን ነቅለሽባታል፣ ልጇን ልትወስጂባት ነው። ሌላ ምን ሰው ትሁንልሽ? ስሚኝ፣ ጠዋት ጭቅና ግዢ። ጭቅናን ማንም አያበላሸውም፤ መጥበሻው ላይ ጣል አድርገሽ ታወጪዋለሽ፣ በምላስ ይቆረጣል። ማን ያውቅብሻል?»

ማን ያውቅብሻል! የሚበሉት ሥጋ ሻጭ እናትና ሥጋ ሻጭ ልጅ መሆናቸውን ሁለቱም እህትማማቾች በዚያ ሰዓት ልብ አላሉትም። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሐኪሟ ጠዋት ተነስታ፣ እነሱ ሰፈር እንዳይታወቅባት ሌላ ሰፈር ካለ ሱፐርማርኬት ጭቅና ገዝታ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ አስቀመጠች። «ለክፉ ቀን» አለች ለራሷ።

ክፉው ቀን ብዙ አልዘገየም። የታፋውን ሥጋ እንደተነገራት በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽታ፣ መጥበሻ ላይ አገላብጣ፣ ኦቭን ከታዋለች። እዚያ ድረስ ደህና ነበረች። መጠበቁ ላይ ነው የተሸነፈችው። በሩን እየከፈተች ሙቀቱን በተነችው። በመጨረሻ ሹካ ወጋ አደረገችበት፤ ቀይ ውሃ ፊን ብሎ ወጣ።

«ጥሬ ነው!» አለች ብቻዋን ጮክ ብላ። «ጥሬ! ሊደርሱ ነው፣ ሥጋው ጥሬ ነው!»

መሀሉ ገና ቀይ ሳለ አውጪው የተባለችውን በዚያች ቅጽበት ከነጭራሹ ረሳችው። አውጥታ በፎይል ጠቀለለችው። የት ታድርገው? የቆሻሻ ባልዲው ፊት ቆመች፤ እጇ እንቢ አላት። እናቱ በእጃቸው ያሰሩት ሲባጎ በፎይሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፎይሉን ክዳን ያለው ድስት ውስጥ አስገብታ፣ ሽታው እንዳያሳጣት ድስቱን በወፍራም የክረምት ካፖርቷ ጠቅልላ፣ መኝታ ቤት ሄዳ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ሣጥኑንም ቆለፈችው። ቁልፉን ኪሷ ስታደርግ ሬሳ የደበቀች ሰው ይመስል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጭቅናው መጥበሻ ላይ ሲንሿሿ ደወሉ ጮኸ።

ልቧ ከደወሉ በላይ ጮኸ።

*

«እንደምን ዋሉ፣ ዶክተር?» አሉ እናቲቱ። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሳቸው ገና የካውያው መስመር አልጠፋበትም። ቦርሳቸውን ዛሬ ራሳቸው ይዘውታል።

«እማማ፣ እባክዎን አንቺ ይበሉኝ።»

«ይደርሳል» አሉ። «ምን አስቸኮለን።»

እሱ ከኋላቸው ገባ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፍሮቹን እስኪቀሉ ድረስ ቦርሾ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ፣ «እንዴት ሆነልሽ?» የሚል ጥያቄ በቅንድቡ ወረወረላት። ቶሎ ብላ ዓይኗን ሰበረች። ደስ ያላት መስሎት ፈገግ አለ።

እናቲቱ ቤቱን በዓይናቸው አንድ ጊዜ ዞሩት። በረንዳው ላይ ያሉትን አበቦች አዩ፤ የታጠፈውን ናፕኪን አዩ፤ «ንጹሕ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ተቀመጡ። ድንቹና ካሮቱ ቀረበ። ከዚያ ሥጋው በእንጨት መክተፊያው ላይ ሆኖ መጣ፤ መልኩ ያማረ፣ ዙሪያው የወርቅ ቡናማ።

ሥጋ መቁረጥ የእሱ ሥራ ነውና ቢላውን አነሳ። ቢላው ሥጋው ውስጥ ያለ ድካም ስምጥ ሲል እጁ ቆመ። ቀና አላለም። ከዚያ ቀና አለና አያት።

እንዲህ ያለ አስተያየት አይቷት አያውቅም። ቁጣ ቢሆን በተሻላት። ቤቱ መጥቶ በሩ ላይ ቁልፉ ተቀይሮ ያገኘ ሰው አስተያየት ነበር።

ጎንበስ ብሎ መቁረጡን ቀጠለ፤ ለእናቱ ሰጠ፣ ለእሷ ሰጠ፣ ለራሱ አደረገ። ሊሸፍንላት እንደፈለገ ገባትና ይባስ አቃጠላት።

እናቲቱ ጥርስ በቀረላቸው በኩል አኘኩ። ቀስ ብለው ዋጡ። ሹካቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«ጭቅና ነው» አሉ።

የበረንዳው በር ከነፋሱ ጋር ቋ፣ ቋ ይላል።

«አዎ፣ እማማ» አለች ሐኪሟ።

«ደህና ተጠብሷል። እጅዎ ይባረክ።» ናፕኪናቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ለእንግዳ እንዲህ ነው። እንግዳ ሆነን መጥተናል፤ በልተን፣ አመስግነን እንሄዳለን።»

ከዚያም መብላት ቀጠሉ፤ በትንሽ በትንሹ፣ በጨዋ ደንብ። «አበቦቹን ማን ያጠጣቸዋል?» ብለው ጠየቁ። መንገድ ላይ አሳልፈው ዞረው ለማያዩት ሰው የሚሰጥ ዓይነት ደግነት ነበር ድምፃቸው ውስጥ። ቢሰድቧት ትችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለችውም። «ውሃ ላምጣ» ብላ ተነሳች፤ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ሞልቶ ተቀምጧል።

*

ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ። በሩን ገርበብ አደረገው።

«የላከችልሽ ሥጋ የት አለ?»

«ተበላሸብኝ።»

«ይሄንን መቼ ገዛሽው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት!» አለ ድምፁን አፍኖ። «እንግዲያው ሳይበላሽ በፊት ነው የገዛሽው።»

ፎጣውን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ አነሳች። ከዚያ ፈነዳች።

«ፈራሁ! ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው የማይገዛውን መርጠው ሲልኩልኝ ምን ልበል? ሊፈትኑኝ እንደሆነ መቼ አጣሁት!»

«ሊፈትኑሽ?» አፉን ከፍቶ ቀረ። «እማዬ? አንቺን?» ጀርባውን ለፍሪጁ ሰጠ። ሲናገር ቀስ እያለ ነበር፤ ሲከፋው ሁልጊዜ ቀስ ይላል። «እኛ ቤት ጭቅና ተበልቶ አያውቅም። ጭቅና የደንበኛ ነው፣ አለዚያም የእንግዳ። አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሱቁ በሚዘጋበት ቀን እማዬ የታፋውን ሥጋ ታወርዳለች። ሰው ጠልቶት የቀረ እንዳይመስልሽ። ራሷ መርጣ፣ ራሷ አስራ ጥግ ላይ የምትሰቅለው ነው፤ አንዴ ካሰረችው ደንበኛ ቢጠይቃት እንኳ አትሸጥም። የአክስቴ ባል ዓመት ሙሉ እኛ ጋ ሲመጣ ጭቅና ነበር የሚቀርብለት። ታፋው የቀረበለት ዕለት ነው ቤተሰብ መሆኑን ያወቀው። ሰውየው በደስታ ሹካ ጥሎ በእጁ ነው የበላው።»

ሐኪሟ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

«እና እኔ...»

«አንቺ መልሰሽ እንግዳ አደረግሻት።»

«ለምን አልነገርከኝም!» እንባዋ አመለጣት። «በምን ልወቀው? እኔ እናንተ ቤት አላደግኩ! ደረጃው ላይ ቆመህ አየኸኝ፤ አፍህን ከፈትክ፣ ዘጋኸው። አንድ ቃል! አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት?»

አሁን አንገቱን የደፋው እሱ ነው።

«ልነግርሽ ነበር» አለ። «ከነገርኩሽ ቃሏን የቀማኋት መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ራሷ እንድትነግርሽ ፈለግኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር እኮ።» ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አባትሽ ሲጠየፉን አልከፋኝም። አያውቁንም፣ ምን ይደረጋል። ዛሬ ግን ቢላው ሲገባ... ዛሬ ከፋኝ።»

«ተጠይፌ መሰለህ? ከእናንተ ጓዳ የወጣ ነገር ተጠይፌ?» ሸሚዙን ጨብጣ ያዘችው። «እንዳላጣህ ነው! ሥጋው ከደረቀ ይዘውህ ይሄዳሉ ብዬ ነው። የሰው ጥርስ ስነቅል ያልተንቀጠቀጠ እጄ ለአንድ ቁራጭ ሥጋ ተንቀጠቀጠ፤ ይሄ መጠየፍ ነው?»

እጇን ሸሚዙ ላይ እንዳለ በእጁ ሸፈነው። ልቡ በጣቶቿ ሥር ሲመታ ተሰማት፤ እንደሷ ልብ ሥርዓት ያጣ ነበር።

«የት ጣልሽው?» አለ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ።

«አልጣልኩትም። ሲባጎውን ሳይ... እጄ እንቢ አለኝ።»

«እና የት አለ?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«የት?»

«ቁም ሣጥን። ካፖርት ለብሷል።»

ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ሳይለይለት፣ በሩ ሲጥጥ አለ። እናቲቱ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ማንም አላወቀም።

«እስቲ» አሉ፣ «ይሄን ካፖርት የለበሰ ሥጋ አሳዩኝ።»

*

ሦስቱም መኝታ ቤት ገቡ። ሐኪሟ ቁልፉን ከኪሷ ስታወጣ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ካፖርቱ ሲፈታ ድስቱ አሁንም ሙቅ ነበር። እናቲቱ ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ተሸክመውት ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ጭቅናውን ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ፎይሉን ገለጡ፤ ሲባጎውን በቢላው ጫፍ ቆረጡ፤ ሥጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጠብ ያለ ቀይ ውሃ የለም።

ሐኪሟ ለማየት አንገቷን አሰገገች።

እናቲቱ ሥጋውን አዞር አዞር አድርገው የክሩን አቅጣጫ ካዩ በኋላ፣ ቢላውን በክሩ ላይ አቋርጠው አሳለፉት። ሳሳ ያለች ቁራጭ እጥፍ ብላ ወደቀች፤ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሀሉ ጽጌረዳ የመሰለ፣ ወዛም። አንስተው በቀረላቸው ጥርስ በኩል አኘኩ። ከዚያ፣ የክሊኒኩን ሰው ሁሉ የሚያስደነግጥ ነገር አደረጉ፤ ጥርስ በሌለበት በኩል አኘኩ።

«ማን ነው እንዲህ ያሳረፈው?» አሉ።

«ማንም፣ እማማ። ደብቄው ነው።»

እናቲቱ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጣቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ‹ተዉት፣ ይረፍ› እያልኩ ስለምናቸው፣ ይሄ ልጅና አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድም ቀን ታግሰውኝ አያውቁም። ገና ከኦቭን ሲወጣ ቢላ ይዘው ይከቡኛል። ስንቆርጠው ውሃው ይፈስና ሥጋው ይደርቃል። እንዲህ ሆኖ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው!»

«ሽታው ነው እኮ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው። «ሰው ነን።»

«አንተማ ቁም ሣጥን ቢቆለፍበትም ሰብረህ ነበር።»

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የላኩልኝ ምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

የእናቲቱ ሳቅ ቀስ ብሎ ረገበ። ቢላውን አስቀመጡ።

«እኔስ ተናግሬ ነበር?» አሉ። «ትናንት ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ጠቀለልኩ። ጭቅናውን ፈታሁ፣ ታፋውን አሰርኩ፤ ታፋውን ፈታሁ፣ ጭቅናውን አሰርኩ። ደንበኛ ‹ሴትዮ ምን ነካዎት?› እስኪለኝ። የዳኛ ልጅ ናት፣ ይሄን ብልክላት የናቅኳት ይመስላት ይሆን? ጭቅናውን ብልክላት ደግሞ ከቤቴ አራቅኳት። እኔም እኮ ፈርቼ ነው የላክሁት፤ የተፈራራን ሁለት ሰዎች ነን።» ከሥጋው ጫፍ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬው ከተሰበሰበበት፣ አንድ ቁራጭ ቆርጠው በሹካ ያዙ። «ነይ። ቁጭ በይና ብዪ። ጫፉ የአብሳይዋ ድርሻ ነው።»

ነይ አሏት። ዶክተር አላሏትም፣ እርስዎ አላሏትም። ሐኪሟ ተቀመጠች፤ ከሹካቸው ላይ በአፏ ተቀበለች። ሥጋው አፏ ውስጥ ሳይታገላት ለሰለሰ። እሱ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ፈልጎ ያዘ፤ እናቲቱ ያላዩ መስለው ድንች አወጡ።

ምሳው ሲያልቅ፣ ጥግ ላይ ብርድ የመታውን ጭቅና እናቲቱ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ይሄንን በፎይል ጠቅልዪና ነገ ለአባትሽ ውሰጂላቸው።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «እማማ፣ አባቴ እኮ... ስማችሁ እንኳ በቤቱ እንዳይነሳ ነው ያሉት።»

«አውቃለሁ። ገና እንግዳ ናቸው። እንግዳ የሚበላው ጭቅና ነው።» ሲባጎውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ለሚቀጥለው ማሰሪያ እንደሚያስቀምጥ ሰው። «የታፋው ቀን ሲደርስ ደግሞ እኔ አስሬ እልክላቸዋለሁ።»

ነገ። ያንን በር ማንኳኳት አለባት ማለት ነው። አባቷ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው ሲያዩዋት ታያት፤ ልቧ እንደ ልማዱ መሮጥ ጀመረ። እሱ ዞሮ አያት፤ ተነስታ ሳህን እንድታነሳ፣ በረንዳውን እንድትከፍት፣ የሆነ ነገር እንድትነካካ እየጠበቀ።

አልተነሳችም። አንዱ እጇ በእሱ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሌላው ጭኗ ላይ፣ ምንም ሳይከፍት፣ ምንም ሳይዘጋ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።